ማረጥና የዲዩቲ ፕሮግራም

ሌሊት 9 ሰዓት ነው እንበል። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም፣ የትኛውም ማዋለጃ ክፍል ሊሆን ይችላል። ውጭው ብርድ ነው። አዋላጇ ጋውን ለብሳ፣ በላዩ የፕላስቲክ ሽርጥ አስራ፣ ማስክና ድርብ ጓንት አድርጋ ምጥ የያዛትን እናት እያገዘች ነው። ድንገት ከደረቷ የተነሣ ሙቀት ወደ አንገቷና ወደ ፊቷ ይወጣል። ልቧ ድው ድው ይላል። ላቡ ከሻሿ ሥር ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ ጓንት ባጠለቀ እጇ ደግሞ ልትጠርገው አትችልም። ከ1 እስከ 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይለቃታል፤ ወዲያው የራሰው ልብስ ይቀዘቅዝና ያንቀጠቅጣታል። መስኮቱን ገርበብ ብታደርገው አስታማሚዋ «ኧረ ሲስተር፣ ነፋስ ይመታታል!» ብላ ትዘጋዋለች። አስታማሚዋ አልተሳሳተችም። የማዋለጃ ክፍል ከ25 ዲግሪ በታች እንዳይቀዘቅዝ የሚመከረው ለሚወለደው ሕፃን ሲባል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ መፍትሔው ከመስኮቱ ዘንድ አይገኝም።

ይህ ማረጥ ነው፤ ወይም ወደ ማረጥ የሚወስደው መንገድ። ቃሉ ራሱ ይከብዳል። «አረጠች» ሲባል በጆሯችን ከእርጅናና «አበቃላት» ከማለት ጋር ስለሚያያዝ፣ ሴቶች እርስ በርስ እንኳ «ቆመ»፣ «ቀረ» ብለው ያልፉታል። በሕክምናው ትርጉም ማረጥ የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር የሚሰጥ ስም ነው። በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። አስቸጋሪው ግን ከዚያ በፊት ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በአንድ ጊዜ አይቀንስም፤ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚሄደው። አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል ያኔ ትዕግሥቱ ያጥራል፤ ለትንሽ ሙቀት ለውጥ እንደ ትልቅ ትኩሳት ይደነግጥና ደም ሥሩን ከፍቶ ላብ ያስወጣል። ወላፈኑ፣ ያ ድንገተኛ ሙቀት፣ ከዚያ ነው የሚመጣው። በብዙ ሴቶች ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅባቸው ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ አንድ አለቃ «ይቺን ወር ቻይው» ብሎ የሚያልፈው ነገር አይደለም።

ጉዳዩ ለጎጃም አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ 18 ዓመት የሞላቸው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው የወጡ ወጣቶች። እነዚያ ልጃገረዶች ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ናቸው። ጤና ጣቢያዎች ሲስፋፉ የተቀጠሩት ነርሶችና አዋላጆችም አብረው እየገሰገሱ ነው። በእርግዝናና በወሊድ ፈቃድ ዘመናቸው ላይ የተማረ አስተዳደር፣ ለሚቀጥለው ዘመናቸው ምንም አልተዘጋጀም። በሙያው የበሰሉት፣ ወጣቶቹን የሚያሠለጥኑት እነሱ ናቸው። ከእነሱ አንዷ ደክሟት ሥራ ስትለቅ ተቋሙ የ20 ዓመት እጅ ያጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ሕመሙ ማረጥ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ብዙ ነው። የጤና ባለሙያ የራሷን ሕመም ስታክም ትቸኩላለች። ያልባታል፣ ይደክማታል፣ ራሷን ያማታል፤ ወደ ላቦራቶሪ ብቅ ትላለች፤ ዊዳል በተባለው የደም ምርመራ «ታይፎይድ ነው» ይባላል፤ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ ትወስዳለች። ከወር በኋላ ያው ነው፤ እንደገና ይጀመራል። ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን የሚያረጋግጥ ምርመራ አይደለም፤ ለወላፈን ደግሞ ሲፕሮ ምንም አያደርግም። ቀላሉ መለያ ቴርሞሜትር ነው። ወላፈኑ በመጣበት ሰዓት ብብቷ ሥር ታድርገው፤ ቆዳዋ እንደ እሳት ቢፋጅም ትኩሳት አያሳይም። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ማረጥ አይደለም፤ በተለይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድ ባሉ ቆላ ቀበሌዎች የምትሠራ ከሆነ ወባ መታየት አለበት። የሌሊት ላቡ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ አክታ ትመርመር። ከታማሚ ጋር የምትውል ሴት ለቲቢ የተጋለጠች ናትና «ዕድሜዬ ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው። እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ እየበላች የምትከሳ፣ አንገቷ ላይ እብጠት ያላት ከሆነ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል። እንቅርት በደጋው አካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌላው የሚያደናግረው የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ነው። መርፌውን የምትወጋ ሴት የወር አበባዋ ሊቀር ስለሚችል ማረጧን በአበባዋ መለየት አትችልም፤ መርፌውን ካቆመችም በኋላ አበባዋ ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ለእሷ ምልክቱ ወላፈኑ፣ የእንቅልፉ መቆራረጥና ዕድሜዋ ነው። ዕድሜዋ ከ45 በላይ ሆኖ ምልክቶቹ ግልጽ ከሆኑ በሆርሞን ምርመራ ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም። ከ40 ዓመት በታች ከሆነች ግን ሐኪም ሳያያት መተው የለበትም፤ ለአጥንቷና ለልቧ የሚያስፈልገው ክትትል የተለየ ነው። እርግዝናም አልተዘጋም፦ ከ50 ዓመት በፊት አበባዋ የቆመ ሴት ለ2 ዓመት፣ ከ50 በኋላ የቆመባት ለ1 ዓመት መከላከያ እንድትቀጥል ይመከራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ዲዩቲ ፕሮግራሙ።

በብዙ ተቋም የሌሊት ዲዩቲ፣ ማለትም የተረኝነት ሥራ፣ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ተገብቶ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ 15 ሰዓት ነው። ለወጣትም ይከብዳል። ወላፈን ሌሊቱን አራት አምስት ጊዜ ለሚቀሰቅሳት ሴት ግን በቤቷም እንቅልፍ የለም፤ ከዲዩቲ ወጥታ ቀን ልተኛ ስትል ያው ላብ ይከተላታል። ይህን ያየ ደግ ኃላፊ መጀመሪያ የሚያደርገው ስሟን ከዲዩቲ ዝርዝር መሰረዝ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፦ ይህ ደግነት መስሎ ቅጣት ነው። የዲዩቲ ክፍያ ለብዙዎቹ የቤት ኪራይ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። አንዷ ገንዘቡን ስታጣ ያዩ ጓደኞቿ የራሳቸውን ሕመም ይደብቃሉ፤ የተሰረዘችበትን ሌሊት የሚሸፍኑት ባልደረቦች ደግሞ ያጉረመርማሉ። ከሁለት ወር በኋላ ክፍሉ በሙሉ ተቀያይሞ ይገኛል።

የሚሠራው ማውጣት ሳይሆን ማሸጋሸግ ነው። የወሩ ዲዩቲዋ ቁጥር እንዳለ ሆኖ ከሌሊት ወደ ቅዳሜና እሑድ ወይም ወደ በዓል ቀን ዲዩቲ ይዛወርላት። ሌሊት የግድ ከሆነ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ አይመደብ፤ ከአንዱ ተራ ወጥታ ቀጣዩ እስኪጀምር ቢያንስ 11 ሰዓት ዕረፍት ይኑራት። ከሌሊቱ ውስጥም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጋደም የምትልበት ጊዜ ከተረኛ ጓደኛዋ ጋር ተነጋግራ ትወስን፤ አንዷ ስታርፍ ሌላዋ ክፍሉን ትጠብቃለች፤ ጠሪ ሲመጣ ትቀሰቅሳታለች። ፕሮግራሙ ወር ሊገባ 10 ቀን ሲቀረው ይለጠፍ፤ እርስ በርስ መለዋወጥ ደግሞ በማመልከቻ ሳይሆን በክፍሉ ደብተር ላይ በሁለቱ ፊርማ ይለቅ። ማትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ወይም የክፍሉ አስተባባሪ ይህን ሁሉ ሳንቲም ሳታወጣ በአንድ ከሰዓት ልትሠራው ትችላለች። በበኩሌ የማረጥ ድጋፍ ግማሹ ያለው ይህን ሰንጠረዥ በሚያወጣው እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ስንመለስ፣ ሁለተኛ ሰው ማዘጋጀት ነው መፍትሔው። ወላፈኑ ሲነሣ «ተኪኝ» ብላ ለ5 ደቂቃ የምትወጣበት ምልክት ከባልደረባዋ ጋር አስቀድማ ትነጋገር። በር ላይ የመታጠቢያ ውኃ ካለ አንጓዋ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ፣ አንገቷን በረጠበ ፎጣ ማበስና ውኃ ፉት ማለት ይበቃታል። ከጋውኑ ሥር ሹራብ ከማድረግ ይልቅ ስስ የጥጥ ልብስ ደራርባ ትልበስ፤ አንዱን ማውለቅ ይቻላልና። ትኩስ ቡና ወላፈን የሚቀሰቅስባቸው አሉ፤ በርበሬም እንደዚያው። ከአቦል እስከ በረካ መተው ለማንም አይዋጥም፤ ግን ለሁለት ሳምንት ከዲዩቲ በፊት ያለውን ቡና ትታ ልዩነቱን ትመልከት።

ስለ ጋውን ካነሣን አይቀር፣ ነጩ ጋውን ራሱ ችግር ነው። አብዛኛው የሚሰፋው ከቴትሮን ነው፤ ቴትሮን ላብ አይጠጣም፣ አየር አያሳልፍም። የባሰው ደግሞ ቀለሙ ነው። ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት አበባ ሳይጠበቅ መጥቶ በብዛት ይፈስሳል፤ ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ እስከመቀየር፣ የረጋ ደም እስከመውጣት ይደርሳል። ነጭ ጋውን ለብሳ ኮሪደር ላይ የምትቆም ሴት ሙሉ ቀን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትውላለች፤ ራውንድ (የታማሚዎች ጉብኝት) ላይ ከሁሉ ኋላ ትቀራለች፤ ወንበር ላይ መቀመጥ ትፈራለች። ሰው «ሰነፈች» ይላታል። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪና ሸሚዝ፣ ከጥጥ የተሠራ፣ ለአንድ ሰው 3 ቅያሪ፣ አንዱ ሁልጊዜ በቁም ሳጥኗ ውስጥ፤ ይህ ብቻ ብዙ ጭንቀት ያነሣል። ልብሱ ለዕድሜ ተለይቶ አይሰጥ፤ ለክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ካልሆነ ቀለሙ ራሱ ማረጧን ያውጃል።

የሠራተኛ መጸዳጃ ቤትም ከዚህ አይለይም። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ማስቀመጫ፣ ውኃው በሚቋረጥበት ቀን የሚያገለግል የተሞላ በርሜልና ጆግ፣ ሳሙና፣ አንድ እሽግ ሞዴስ። በርሜሉን ማን ይሞላል የሚለው ካልተጻፈ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ በጽዳት ተራው ላይ በስም ይግባ። የጽዳት ሠራተኞች ራሳቸው፣ ልብስ አጣቢዎችና ምግብ አብሳዮች በዚሁ ዕድሜ ላይ መሆናቸው ይረሳል። ነርሷ የምትቀመጥበት ክፍል አላት፤ እነሱ ባልዲ ይዘው ከደረጃ ደረጃ ይወጣሉ፤ ቁም ሳጥን እንኳ የላቸውም። ድጋፉ ከእነሱ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ብዙ ደም የሚፈስሳት ሴት ሄሞግሎቢኗ ይለካ። ላላረገዘች ሴት ደም ማነስ የሚባለው በዴሲሊትር ከ12 ግራም ሲያንስ ነው፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ከተማ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ መለኪያው ከፍ ይላል፤ 12 ከምናምን ያየ ሰው «ደህና ነሽ» ብሎ ሊሸኛት አይገባም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋም ወተትም ስለሌለ ብረትና ካልሲየም ያሳስባል። የጎጃም ጤፍና ጎመን እዚህ ይረዳሉ፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ግን ብረቱን ስለሚይዙት አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ይሻላል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከባዱን ሥራ፣ ታማሚ ማንሣትንና ማጠብን፣ ወደ ጠዋት ማምጣት ያስፈልጋል።

ታማሚ ማንሣት ሲባል፦ ኢስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፣ መገጣጠሚያና ትከሻ ይጠዘጥዛል። ታማሚ ብቻን አይነሣ። ለሁለት ሆኖ፣ አንሶላ ለሁለት አጥፎ ከታማሚው ሥር አስገብቶ፣ በቁጥር ተባብሎ መሳብ እንጂ በክንድ ማንጠልጠል መቅረት አለበት። ይህ ለወጣቷም ወገብ ይጠቅማል።

የመርሳት ነገር በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉትን ሴቶች በጣም ያስፈራቸዋል። ቃል ከአፍ ላይ ይጠፋል፣ የመጣችበትን ጉዳይ ትረሳለች፤ «አእምሮዬ ሄደ ወይ» ትላለች። በአብዛኛው ከእንቅልፍ ማጣት ጋር የተያያዘና ጊዜያዊ ነው። የመድኃኒት መጠን ስሌት በሁለት ሰው ይታይ፤ የተራ ርክክብ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። ይህ ለሁሉም ሠራተኛ የወጣ ሥርዓት ከሆነ እሷን አያጋልጣትም። ለእሷ ብቻ ከሆነ ግን ውርደት ነው።

ንግግሩን ማን ይጀምር? ኃላፊው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በዕድሜ ታናሿ ነው። «አርጠዋል እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም። ስለ ሰውነቷ ሳይሆን ስለ ሥራው ይጠይቅ፦ «ሲስተር፣ ከሥራው የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድዎት? ምን ብናስተካክል ይቀልዎታል?» በሩ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቀምጦ፣ 20 ደቂቃ። መልሷ «ምንም የለም» ከሆነ ይበቃል፤ በሩ ክፍት መሆኑን ነግሮ መተው ነው። ከኃላፊው ይልቅ ለአንድ ታማኝ ሴት ባልደረባ መናገር ከፈለገች ያም ይፈቀድ። የተስማሙበትን በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ፤ ምን ይከብዳታል፣ መቼና የት፣ ምን ተስተካከለ፣ መቼ ይታያል። የሕመም ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ወረቀቱ በእሷና በኃላፊው እጅ ይቀመጥ፤ ከግል ማኅደሯ ጋር አይያያዝ። ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አንዴ ወሬው በሻይ ክበብ ከተሰማ ሌላ ሴት አትናገርም።

ሕግ ምን ይላል የሚሉ አሉ። ለግል ክሊኒክና ሆስፒታል ሠራተኞች የሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ እርግዝናና ወሊድ በዝርዝር ይናገራል፤ ማረጥን ግን በስም አያነሣም። የሕመም ፈቃዱ ግን በሐኪም ማስረጃ ለእሷም ይሠራል፦ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ያለ ክፍያ። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ነው። ፕሮግራም ለማሸጋሸግና በርሜል ለመሙላት ግን አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለብንም።

ሕክምናም አለ፤ «ተፈጥሮ ነው፣ ቻይው» መልስ አይደለም። ለወላፈን ከሁሉ የሚበረታው የሆርሞን ሕክምና ነው። ማሕፀኗ ያለ ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን አይሰጣትም፤ ከፕሮጄስትሮን ጋር መሆን አለበት፤ ካልሆነ የማሕፀን ግድግዳ ይወፍራል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ የጉበት ሕመም ያላት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት ሐኪም ሳያያት እንዳትጀምር። ሆርሞን ለማይስማማት እንደ ቬንላፋክሲንና ጋባፔንቲን ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ከመድኃኒት ቤት በራስ መግዛት ግን፣ የጤና ባለሙያ ብትሆንም፣ አይሆንም። ደግሞ አንድ ነገር በትልቁ ይጻፍ፦ 12 ወር ቆሞ የነበረ ደም እንደገና ከታየ፣ ጠብታም ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት መመርመር አለበት።

የቀረችው የገጠሯ ባለሙያ ናት። ጤና ኬላዋ ላይ ማትሮን የለም፣ ተቀያሪ የለም፤ ከቤት ቤት የምትሄደው በእግሯ ነው፤ በጮቄ ግርጌ ዳገት፣ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ቁልቁለት። ለእሷ የቤት ጉብኝቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይሁን፤ ሪፖርቱና መዝገቡ ለፀሐዩ ሰዓት ይቆይ። ጃንጥላ፣ 1 ሊትር ውኃ፣ ቅያሪ ልብስ በቦርሳ። ማረጥ ሽንትንም ያስቸኩላልና መንገዷን መጸዳጃ ባላቸው ቤቶች በኩል ታስምር፤ በየጎጡ የምታውቃት አንዲት ቤት አትጠፋም። ሩቁን ጎጥ ከጓደኛዋ ጋር በየሳምንቱ ይፈራረቁ። የጤና ጣቢያው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ በሚሞላው ቅጽ ላይ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ይጠይቃታል፤ ከቅጹ ግርጌ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሮ «አንቺስ እንዴት ነሽ፣ የትኛው ጎጥ ከበደሽ?» ብሎ መልሷን ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ወር ሲመለስም መጀመሪያ ያንን መስመር ያንብብ።